ጥቆማ፦ ማኑፋክቸሪንግ ወይስ ፕሮዳክት ዲዛይን? ለልጄ የትኛው ዲግሪ አፕረንቲስሺፕ ይሻላል (እንግሊዝ ላላችሁ)

የሎንደኗ እናት
ሰላም ለሁላችሁ፣ የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ። ልጄ 18 ሞላት፣ ዘንድሮ ኤ-ሌቭል (የዩኒቨርሲቲ መግቢያውን ትምህርት) ትጨርሳለች፣ ሂሳብ ፊዚክስና ዲዛይን ኤንድ ቴክኖሎጂ ነው የወሰደችው። እኔ እንደማንኛውም ወላጅ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች ብዬ ስጠብቅ እሷ ዲግሪ አፕረንቲስሺፕ፣ ማለትም ድርጅት ውስጥ በደሞዝ እየሰሩ ዲግሪ የሚይዙበት፣ ካልሆነ አለች፣ ከመስከረም ጀምራ ስታመለክት ከርማ አሁን ሁለት ቦታ ተቀበሏት። አንዱ ማኑፋክቸሪንግ ኢንጂነር ነው፣ ሚድላንድስ ያለ ትልቅ ፋብሪካ፣ ከቤት መውጣት አለባት። ሁለተኛው ፕሮዳክት ዲዛይን ኤንድ ዴቨሎፕመንት ኢንጂነር የሚሉት፣ ድርጅቱ ትንሽ ነው ግን ከቤታችን በባቡር 40 ደቂቃ። ሁለቱም ሌቭል 6 ነው፣ ማለትም ሙሉ ዲግሪ። እስከ አርብ መልስ ይፈልጋሉ። ያለፋችሁበት ወይም ልጃችሁን ያስገባችሁ ንገሩኝ፣ የድርጅቶቹን ስም ግን እዚህ ባልጽፍ ይሻላል።

ደርቢ
እንኳን ደስ አላችሁ እህቴ። ሁለት ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም፣ ለአንድ ቦታ ስንት ልጅ እንደሚሻማ አይቻለሁ። እኔ በማኑፋክቸሪንጉ በኩል ነው የጨረስኩት። በአጭሩ ዲዛይኑ እቃው ምን ይሁን ይላል፣ ማኑፋክቸሪንጉ ደግሞ ያንኑ እቃ በቀን ሺህ ጊዜ ሳይበላሽ እንዴት እናውጣው ይላል።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ኮምፒውተር የሚባል ነገር ብዙም አላየሁም። አንድ ቁራጭ ብረት፣ የእጅ ሞረድና ካሊፐር የሚባለውን መለኪያ ሰጡን፣ ስድስቱንም ፊት ሞርዳችሁ ቀጥ አድርጉት፣ ከ0.1 ሚሊሜትር በላይ እንዳይዛነፍ አሉን። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፣ መዳፌ ውሃ ቋጠረ፣ አንዱን ጎን ሳስተካክል ሌላው እየተበላሸ ብረቱ አነሰብኝና እንደገና ከሀ ጀመርኩ። ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር፣ ግን ዛሬ አንድ ሰው ድሮዊንግ ላይ ዝም ብሎ 0.01 ጽፎ ሲልክልኝ ደውዬ ለምን እለዋለሁ፣ ምክንያቱም ያቺ የተጨመረች ዜሮ ሌላ ማሽን፣ ሌላ መለኪያና ብዙ ተጨማሪ ሰዓት እንደምትጠይቅ እጄ ያውቀዋል። ልጅሽ በእጇ መስራት ከወደደች ማኑፋክቸሪንግ አይቆጫትም።

ሼፊልድ የኔ
ሌላ ቦታ አትዩ፣ ሼፊልድ ላኳት። የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ኤኤምአርሲ የሚባለው የማኑፋክቸሪንግ ምርምር ማዕከል በ2001 ከቦይንግ ጋር የተጀመረ ነው፣ ለአፕረንቲስ ብቻ ብለው በ2013 የስልጠና ማዕከል ከፍተዋል፣ ማሽኖቹን ብታዪ ትገረሚያለሽ። የእህቴ ልጅ እዛ ነው፣ ሰው ሆኖ ነው የመጣልን።

የሎንደኗ እናት
እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ሼፊልድ አላመለከተችም። ከሁለቱ ነው መምረጥ ያለባት።

ሼፊልድ የኔ
ቢሆንም ለሚቀጥለው ዓመት አስቢበት። ሼፊልድን የሚያህል የለም።

የኮቨንትሪ አባት
እህቴ ከመፈረሟ በፊት የኔን ስሚ። ልጄም እንዳንቺ ልጅ ነበር፣ ሂሳብ የሚወድ፣ ትምህርት ቤት ሽልማት ያገኘ። አንድ ትንሽ ፋብሪካ ገባ፣ ስሙን አልጠራም። በኮንትራቱ ላይ በሳምንት አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲ ይላል። የመጀመሪያው ዓመት ደህና ነበር። ከዛ ኦርደር በዛ ተባለና ዛሬ ቅር፣ ነገ ቅር ይሉት ጀመር፣ ያመለጠውን ትምህርት ሌሊት ቁጭ ብሎ ያካክስ ነበር፣ ጠዋት ደግሞ 12 ሰዓት ላይ ፋብሪካ በር ላይ ነው። ስራው ምን መሰላችሁ፣ ካርቶን ማሸግ። ኢንጂነር ሊሆን ገብቶ ስምንት ወር ሙሉ ካርቶን ላይ ስኮች ሲለጥፍ ከረመ። ሱፐርቫይዘሩ ሶስቴ ተቀያየረ፣ ማንም ምን ተማርክ ብሎ የጠየቀው የለም። ባለፈው ወር ደግሞ ስራ ቀንሷል ብለው ስድስት ሰው አሰናበቱ፣ አንዱ እሱ ነው። ከዛ ቀን ጀምሮ ከክፍሉ አይወጣም። እኔ የምለው አፕረንቲስ ማለት በርካሽ የሚገዛ ጉልበት ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ላኪያት።

ዋልያ 77
ውይ ወንድሜ አይዞህ፣ በጣም ያሳዝናል።

ሊድስ እናት
እኔም የጎረቤቴ ልጅ ላይ እንዲህ ሆኗል፣ እሱ ግን ኤሌክትሪክ ነበር።

ቶርኖ
ለልጁ አዝናለሁ፣ ግን አንድ ፋብሪካ በደለ ተብሎ መንገዱ ሁሉ ይዘጋ? በቃ እንግዲህ ሁሉም ልጅ በዓመት ከ9,500 ፓውንድ በላይ እየተበደረ ይማር፣ ከዛ እስከ 40 ዓመት ይክፈል፣ ችግራችን ሁሉ ተፈታ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የሚያሽግ እኮ ሞልቷል፣ እሱ ላይ ማን ያለቅሳል?

የኮቨንትሪ አባት
አንተ ልጅ አለህ? የኔ ልጅ ካርቶን ያሸገው ዲግሪ ፍለጋ ነው፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ቶርኖ
ቀልድ አላልኩም። ይቅርታ፣ አነጋገሬ ከረረ። ግን እናትየውን አታስፈራራት፣ እስከ አርብ መወሰን አለባት።

ሽቱትጋርት
ጀርመን ላላችሁ ደግሞ ይሄ ነገር ዱዋል ሽቱዲየም ይባላል፣ በጣም የቆየ ነው። እዚህ ባደን-ቩርተምበርግ በ1974 ነው የተጀመረው፣ በ2009 ዴሃቤቬ ወደሚባል ሙሉ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተቀየረ። ሶስት ወር ክፍል፣ ሶስት ወር ድርጅት፣ እንደዛ እያፈራረቅክ በሶስት ዓመት ባችለር ትይዛለህ፣ ሶስቱንም ዓመት ደሞዝ አለህ። ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ውስጥ ፕሮዳክሽንም ኮንስትራክሽንም አለ፣ እነሱ ኮንስትራክሽን የሚሉት የእቃ ዲዛይኑን ነው፣ ህንጻ እንዳይመስላችሁ። ቋንቋው ግን ጠንካራ መሆን አለበት።

የሎንደኗ እናት
አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ጀርመንኛ አትችልም እንጂ። አንድ ጥያቄ፣ ከሁለቱ ምርጫ ሳንወጣ፣ ትንሽ ድርጅት መሆኑ ያሳስባል?

የሁለት አፕረንቲስ እናት
ስለ ትንሽና ትልቅ አላውቅም፣ ግን አንድ ነገር ላስታውስሽ፣ ቻይልድ ቤኔፊት (መንግስት ለልጅ የሚሰጠውን ድጎማ) እየተቀበልሽላት ከሆነ አፕረንቲስሺፕ ስትጀምር ይቆማል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት (ገቢያቸው ዝቅ ላለ የሚሰጠው ድጎማ) ላይ ያላትም ድርሻ እንደዛው፣ እሷ አሁን ሰራተኛ ናት። እኛ ሳናሳውቅ ቆይተን መልሱ ተባልን። ከቤት ሆና ከሄደች ደሞዟ ምን ያህሉን እንደሚሸፍን ቀድመሽ አስቢው።

የሎንደኗ እናት
ይሄን ማንም አልነገረኝም! አመሰግናለሁ እህቴ።

አዲስ አበባ ሆኜ
ከኢትዮጵያ ሆኖ ማመልከት ይቻላል? መካኒካል ሶስተኛ ዓመት ነኝ።

ደርቢ
አይቻልም ወንድሜ። እዛው እንግሊዝ የመኖርና የመስራት መብት ይጠይቃል፣ በጥቅሉም ላለፉት ሶስት ዓመታት እዚህ ሀገር የኖረ መሆን አለበት፣ ጥገኝነት ተፈቅዶለት የስደተኛነት ወረቀት የያዘ ሰው ግን ሶስት ዓመቱን አይጠብቅም። በተማሪ ቪዛም አይሆንም። እናስገባሃለን ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅህ ካለ አትስጠው።

ንድፍ
እናቴ፣ እኔ በፕሮዳክት ዲዛይኑ በኩል አራተኛ ዓመት ላይ ነኝ፣ ድርጅቴም ትንሽ ነው፣ 30 ሰው አንሞላም። ብዙ ሰው ፕሮዳክት ዲዛይን ሲባል የሚያምር ነገር መሳል ይመስለዋል። እርስዎ የጻፉት ግን ኢንጂነሪንግ ነው፣ ሂሳቡም ፊዚክሱም እስከ መጨረሻው አይለቅም።

እኔ ኢንተርቪው የሄድኩት የተሰበረ እጀታ ይዤ ነው። እቤት ለአያቴ ክራንች ላይ የሚገጠም እጀታ በስሪዲ ፕሪንተር ሰርቼላት በሶስተኛው ቀን እኩል ለሁለት ተሰበረ፣ ደግነቱ አልወደቀችም። ስብራቱን ሳየው እንደ እንጀራ ድርብርብ ሆኖ በንብርብሮቹ መሀል ነው የተላቀቀው። ፕሪንተሩ ላይ አቁሜ ስላወጣሁት ንብርብሮቹ ጭነቱን ተሻግረው ነበር የተኙት፣ ሲሳብ የሚለቀው እዛ ነው። ሁለተኛውን አጋድሜ አወጣሁት፣ ስለታማ የነበረውን የውስጥ ማዕዘኑንም ክብ አደረግኩት፣ ጫናው እዛ ጥግ ላይ ይጠራቀም ስለነበር። ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳቸው። ጠያቂዎቹ የቀረውን ሰዓት በሙሉ ስለ ተሰበረው ብቻ ነው የጠየቁኝ።

ትንሽ ድርጅት መሆኑ እኔን ጠቅሞኛል፣ ከስዕል እስከ ሙከራ እስከ ሻጋታ ሰሪው ድረስ ሁሉንም አየሁ። ግን መካሪዬ ጥሩ ሰው ስለሆነች ነው። እሷ ባትኖር ትንሽነቱ ወጥመድ ይሆን ነበር፣ የሚሸሹበት ሌላ ክፍል የለም።

ስልጠና ክፍል የምሰራ
እኔ የአፕረንቲሶች ስልጠና ማስተባበር ነው ስራዬ፣ ትንሽ ላስተካክል። የጥናት ሰዓቱ የአሰሪው ችሮታ አይደለም። ኦፍ-ዘ-ጆብ የሚሉት ስልጠና (ከዕለት ስራው ውጭ የሚማሩት) በስራ ሰዓት ውስጥ፣ ደሞዝ እየተከፈለ መሰጠት አለበት፣ ግዴታ ነው። አሰሪው፣ ዩኒቨርሲቲውና ልጁ ሶስቱም የሚፈርሙበት የስልጠና እቅድ አለ፣ ቀናቱና ሰዓቱ እዛ ላይ ይጻፋል። ለትምህርቱ ልጁ አንድ ፔኒ አይከፍልም። ደሞዙን በተመለከተ ህጉ ያስቀመጠው ዝቅተኛው የአፕረንቲስ ክፍያ ከኤፕሪል 2025 በሰዓት 7.55 ፓውንድ ነበር፣ ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ 8 ፓውንድ፣ ይሄ ግን ከ19 በታች ለሆነ ወይም የመጀመሪያ ዓመቱ ላይ ላለ ነው፣ ብዙ የኢንጂነሪንግ ድርጅቶች ከዚህ በላይ ይከፍላሉ።

ለእናትየው፦ የዩኒቨርሲቲውን ስምም የፋብሪካውን ትልቅነትም ለጊዜው ተይው። ልጅሽ ሁለቱንም ቦታ ደውላ ትጠይቅ፣ ከስድስት ወር በኋላ ማክሰኞ ጠዋት የት ነው የምገኘው፣ ከማን አጠገብ? የጥናት ቀኔን ስራ ሲበዛ ማን ነው የሚያስከብርልኝ? ከኔ በፊት የገባው ልጅ ዛሬ ምን እየሰራ ነው፣ ላናግረው እችላለሁ? ይሄን ሲጠየቅ የሚቆጣ ወይም የሚያድበሰብስ አሰሪ መልሱን ሰጥቷል። ዲግሪው በመካኒካል ኢንጂነሮች ማህበር ወይም በአይኢቲ (የኢንጂነሪንግና ቴክኖሎጂ ማህበር) እውቅና እንዳለውም ትጠይቅ፣ ኋላ ቻርተርድ ኢንጂነር (በሙያ ማህበር የተመዘገበ ከፍተኛ ኢንጂነር) ልሁን ስትል ያስፈልጋታል።

ለኮቨንትሪው አባት፦ ልጅህ ስንት ዓመት ሰርቷል? ፕሮግራሙስ ስንት ዓመት ነበር?

የኮቨንትሪ አባት
አራት ዓመት ነው። እሱ ሶስት ዓመት ከሁለት ወር ላይ ነው ያስወጡት። ለምን ጠየቅሽኝ፣ አልቋል እኮ።

ስልጠና ክፍል የምሰራ
አላለቀም ወንድሜ! ከ48 ወር 38 ወር ማለት 79 በመቶ ነው። በስራ ቅነሳ የወጣ አፕረንቲስ 75 በመቶ ካለፈ ወይም ሊጨርስ ስድስት ወር ብቻ ከቀረው መንግስት የቀረውን ስልጠና ወጪ ይሸፍናል፣ አሰሪ ባይኖረውም መጨረስ ይችላል። ከዛ በታች ላለ ልጅ ደግሞ አዲስ አሰሪ እስኪያገኝ 12 ሳምንት ስልጠናው ይቀጥላል። የተጻፈው የስልጠና እቅድ ላይ መጀመሪያና መጨረሻ ቀኑን እይ፣ በመሀል ያቋረጠበት ጊዜ ካለ አይቆጠርም። ፋብሪካውን ተወውና ዩኒቨርሲቲው ያለውን የአፕረንቲስ ክፍል ደውል፣ ነገ ዛሬ ሳትል። ስንብቱ በስራ ቅነሳ መሆኑን የሚል ደብዳቤም ያዝ።

የኮቨንትሪ አባት
ይሄን እስካሁን የነገረን ሰው የለም። ደብዳቤው አለ፣ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ቶርኖ
ወንድሜ፣ ልጁ የሚያናግረው ሰው ከፈለገ እኔ ኮቨንትሪ ነው የምሰራው፣ የፋብሪካችን ሰዎች ሰው ሲፈልጉ እሰማለሁ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። የቅድሙን እርሳው።

ሼፊልድ የኔ
ሼፊልድም ይጠይቅ፣ እዛ ብዙ ድርጅት ነው ያለው።

የሎንደኗ እናት
ልጄ ትናንት ሁለቱንም ደወለች፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። አንዷ ሴትዮ የማክሰኞውን ጥያቄ ስትሰማ ዝም አለችና ከዛ ቆይ ፕሮግራሙን ላምጣው ብላ ወረቀት ስታገላብጥ ይሰማ ነበር። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ ማታ ተቀምጠን እንነጋገራለን።

ዋልያ 77
የሎንደኗ እናት፣ አርብ አለፈ እኮ፣ የትኛውን መረጠች?

ሊድስ እናት
እኔም ልጠይቅ ነው የመጣሁት።

የኮቨንትሪ አባት
ደወልኩ። የስልጠና እቅዱንና የስንብት ደብዳቤውን ይዛችሁ ኑ ብለው ለሰኞ ቀጠሮ ሰጡን፣ ያመለጡትን ትምህርቶችም አብረን እናያለን አሉ። ልጁ ዛሬ ላፕቶፑን ሳሎን ይዞት ወጣ፣ ሪፖርቱን ካቆመበት እየፈለገ ነው።