ለቀረሶ አሳ ጥብስ ከአዋዜ ጋር የትኛውን ወይን ልግዛ?

ሰላም ለእናንተ፤ ባሕር ዳር ነኝ። ቅዳሜ ማታ አማቾቼ ቤት ይመጣሉ። ቀረሶ ጠዋት ከሐይቁ ዳር እገዛለሁ፤ ሙሉውን ጎኑን ተልትሎ ዘይት ውስጥ መጥበስ፣ አጠገቡ አዋዜና ሎሚ፣ ከዚያ ትንሽ የአሳ ዱለት በሚጥሚጣ። ምግቡ አያሰጋኝም፤ የቸገረኝ ወይኑ ነው።

ባለፈው ከሱፐርማርኬት ደረቅ (ጣፋጭነት የሌለው) ቀይ ወይን ገዝቼ ከዚሁ አሳ ጋር ሞከርኩት። ለብቻው ሲጠጣ ምንም አይልም። አሳውን ጎርሼ ስጎነጭ ግን ሚስማር የላስኩ ያህል አፌ ብረት ብረት አለኝ፤ ከአዋዜው ጋር ደግሞ ማቃጠሉ ባሰ። ባለቤቴ ብርጭቆዋን ገፋ አድርጋ ቢራ ከፈተች። በኋላ ሳነብ ለካ በቀይ ወይን ውስጥ ያለው ብረት ከአሳ ቅባት ጋር ሲገናኝ ነው ያን ጣዕም የሚያመጣው፤ አልኮሉም በርበሬውን ያባብሰዋል። በረዶ ጨምሬም አየሁት፤ ቀጠነ እንጂ አልዳነም።

ስለዚህ ወደ ነጭ ዞሬያለሁ። በጀቴ ለጠርሙስ እስከ 1,500 ብር ነው፣ ሁለት እገዛለሁ። መደርደሪያው ላይ ያየሁት የዝዋዩ ሪፍት ቫሊ ሻርዶኔ፣ ደረቁ፣ እና አንድ መካከለኛ ጣፋጭ ነጭ ነው። (የውጭዎቹን ዋጋቸውን አይቼ ቀስ ብዬ መለስኳቸው።) መብራት ካልሄደ ፍሪጅ ውስጥ በደንብ አቀዘቅዛለሁ። አማቴ ጠጅ የለመዱ ሰው ናቸው፤ ጎምዘዝ ያለ ነገር ፊታቸውን ያስቋጥራቸዋል።

አዋዜውን ሳልቀንስ ከዚህ አሳ ጋር የሚሄደው ደረቁ ሻርዶኔ ነው ወይስ መካከለኛ ጣፋጩ?