ቢ ሕዋስ ጠላቱን ለይቶ ከያዘ በኋላ የቲ ሕዋስን እርዳታ ለምን ይጠብቃል?

የባዮሎጂ መምህር፣ ጅማ፦

በከተማችን በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በዚህ ሳምንት አንድ ተማሪዬ እግሩን እሾህ ወግቶት ካመረቀዘ በኋላ ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት እንደወጣበት ነግሮኝ፣ «ቁስሉ እግሬ ላይ ሆኖ ሳለ ያበጠው ብሽሽቴ ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ከእግር የሚመጣው የሊምፍ ፈሳሽ በብሽሽት ባሉት ዕጢዎች እንደሚያልፍና ነጭ የደም ሕዋሳት በዚያ እንደሚራቡ ነገርሁት። እሱ ረካ፤ እኔ ግን አልረካሁም። መጽሐፉ፣ ቢ ሕዋስ (አንቲቦዲ የተባለውን፣ ባዕድ ነገርን የሚይዝ ፕሮቲን የሚያመርተው ነጭ የደም ሕዋስ) አንቲጂኑን፣ ማለትም የሚለየውን ባዕድ ነገር፣ በገጹ ባለው ተቀባይ ከያዘ በኋላ ቲ ሕዋስ የተባለው ሌላ ነጭ የደም ሕዋስ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ይናገራል። ጠላቱን ራሱ ካወቀው የሌላ ማረጋገጫ ለምን ይጠብቃል? ደግሞም ቢ ሕዋሳት የሚበስሉት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው ብዬ ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ አሁን በሊምፍ ዕጢ ውስጥም «ይበስላሉ» የሚል አነበብሁ። የትኛው ነው ትክክል?

የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ፦

መምህር፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ችግሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል መጥራታችን ነው። በአጥንት መቅኔ የሚጀመረው ብስለት አንቲጂን ሳይኖር የሚካሄድ ነው፤ እያንዳንዱ ሕዋስ የራሱን ተቀባይ ይሠራል፣ የገዛ አካላችንን አጥብቆ የሚይዝ ሆኖ ከተገኘም ብዙውን ጊዜ ይወገዳል። በሊምፍ ዕጢ ውስጥ ያለው ግን አንቲጂኑ ከመጣ በኋላ የሚሆን ሲሆን፣ የሚሻሻለውም ተቀባዩ ያንን አንቲጂን አጥብቆ የመያዝ አቅሙ ነው።

የተማሪዎን ንፍፊት ይዘን እንሂድ። ከቁስሉ የተነሣው ባክቴሪያና ስብርባሪው በሊምፍ ፈሳሽ ተጉዞ ብሽሽት ይደርሳል። ዕጢው በዚህ ጊዜ ብዙ ደም ይቀበላል፤ ከደም የሚገቡት ሊምፎሳይቶች (ቢና ቲ ሕዋሳት) ይበዛሉ፣ የገቡትም ለጥቂት ቀናት እንዳይወጡ ይያዛሉ። እንግዲህ የመጀመሪያው እብጠት የመሰብሰብ እንጂ የመራባት ብቻ አይደለም። ቢ ሕዋሳቱ ፎሊክል በተባለው ክፍላቸው ውስጥ እየዞሩ አንቲጂን ይፈልጋሉ። ከተቀባዩ ጋር የሚገጥም ያገኘ ሕዋስ አንቲጂኑን ወደ ውስጡ ስቦ ይቆራርጠዋል፤ የፕሮቲኑንም ቁራሽ በገጹ ላይ አውጥቶ ወደ ቲ ሕዋሳት መንደር ድንበር ይጓዛል። ያንን ቁራሽ የሚያውቅ ቲ ሕዋስ ካገኘ፣ በቲ ሕዋሱ ገጽ ያለው ሲዲ40 ሊጋንድ የተባለ ፕሮቲን በቢ ሕዋሱ ገጽ ያለውን ሲዲ40 የተባለ ተቀባይ ይነካል፤ ከዚህ ጋር ሳይቶካይኖች የተባሉ የመልእክት ፕሮቲኖች ይጨመራሉ። ካላገኘ ግን ብዙውን ጊዜ ይሞታል ወይም ደንዝዞ ይቀራል።

ማረጋገጫው ያስፈለገው ቢ ሕዋስ ሊሳሳት ስለሚችል ነው። ቲ ሕዋሳት ታይመስ በተባለው የደረት ዕጢ ውስጥ በሌላ መንገድ ተጣርተው ያለፉ ናቸው፤ ስለዚህ ለየብቻቸው የተፈተኑ ሁለት ሕዋሳት በአንድ ባዕድ ነገር ላይ ካልተስማሙ ዋናው ምላሽ አይጀመርም። የዚህን ግንኙነት ክብደት የሚያሳዩት የሲዲ40 ሊጋንድ ጂናቸው ተበላሽቶ የሚወለዱ ወንዶች ልጆች ናቸው፦ ቢ ሕዋስ አላቸው፣ አይጂኤም የተባለው አንቲቦዲም አላቸው፣ አይጂጂ የተባለው ሌላው የአንቲቦዲ ዓይነት ግን እጅግ ያንሳቸዋል፤ ከባድ ኢንፌክሽንም ይደጋገምባቸዋል።

በጤና ጣቢያ ክትባት የምሰጥ ነርስ፦

የላቦራቶሪው ወንድማችን በተናገረው ላይ በየቀኑ በእጄ የሚያልፈውን ምሳሌ ልጨምር። ለሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ከምንሰጠው ፔንታቫለንት ክትባት አንዱ ክፍል ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ቢ የተባለውን ባክቴሪያ ይከላከላል። የዚህ ባክቴሪያ ሽፋን ስኳር ነው፤ ቲ ሕዋስ ደግሞ በዋናነት የሚያውቀው የፕሮቲን ቁራሽ እንጂ ስኳር አይደለም። ስኳሩ ብቻውን ቢሰጥ ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን የሚሰጠው ምላሽ ደካማና ትውስታው አነስተኛ ይሆናል። ስለዚህ ስኳሩ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይሠራል። ስኳሩን የያዘው ቢ ሕዋስ ፕሮቲኑንም አብሮ ይውጠዋል፤ የፕሮቲኑንም ቁራሽ ለቲ ሕዋስ ያሳያል። ቲ ሕዋሱ ፕሮቲኑን አይቶ ሲረዳው ቢ ሕዋሱ የሚያመርተው አንቲቦዲ ስኳሩን የሚይዝ ነው። ሁለቱ የሚያዩት ክፍል የተለያየ ሊሆን ይችላል፤ ግን በአንድ አካል ላይ የተያያዘ መሆን አለበት። እኔ ራሴ የእርዳታው ነገር የገባኝ ይህን ስረዳ ነው።

የባዮሎጂ መምህር፣ ጅማ፦

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ይህን ምሳሌ ነገውኑ እጠቀምበታለሁ። ከእርዳታው በኋላ ያለውን ብስለት ግን ለልጆቹ በቡና ላስረዳ አስቤአለሁ፦ እሸት ቡና ውኃ ውስጥ ሲገባ ተንሳፋፊው ይወገዳል፣ የሰመጠው ይቀራል። ትክክል ይሆናልን?

የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ፦

ምርጫውን ያሳያል፤ ለውጡን ግን ያስቀራል፤ የሰመጠ ፍሬ ተመልሶ አይቀየርምና። በቡና ካስረዱ ይልቅ ከእኛው መልኮ፣ ከጅማው የግብርና ምርምር ማዕከል፣ ይጀምሩ። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 ወደ አገራችን ሲገባ፣ ተመራማሪዎች በሽታውን የተቋቋሙ ዛፎችን ከየአካባቢው ፈልገው በተደጋጋሚ እየፈተኑ መረጡ፤ 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች የዚያ ሥራ ውጤት ናቸው። ቢ ሕዋስም በመጀመሪያ የሚመረጠው ቀድሞ ካለው ልዩነት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ከዛፉ ይለያል።

እርዳታ ካገኙት መካከል አንዳንዶቹ ወዲያው አንቲቦዲ ማምረት ይጀምራሉ። ሌሎቹ ወደ ፎሊክሉ ተመልሰው፣ በሳምንት ገደማ ውስጥ ጀርሚናል ሴንተር የተባለውን ማዕከል ይሠራሉ። በማዕከሉ ጨለማ ክፍል ውስጥ በፍጥነት ይከፋፈላሉ፤ ጃፓናዊው ተመራማሪ ታሱኩ ሆንጆና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ ያደረጉት ኤአይዲ የተባለው ኢንዛይም ደግሞ የአንቲቦዲውን ጂን ያበላሻል። ሆን ብዬ «ያበላሻል» አልሁ፤ ለውጡ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅምና። መጠኑ በእያንዳንዱ ክፍፍል ከ1,000 የዲኤንኤ ፊደላት ወደ አንድ ገደማ ይደርሳል፤ ይህም ከተለመደው ስሕተት በግምት ሚሊዮን እጥፍ ነው። ከዚያ ወደ ብርሃናማው ክፍል ተሻግረው፣ ፎሊኩላር ዴንድሪቲክ የተባሉት የፎሊክሉ ሕዋሳት በገጻቸው ይዘው ያቆዩትን አንቲጂን ለመያዝ ይወዳደራሉ። አጥብቆ የያዘ ብዙ ይወስዳል፤ ብዙ የወሰደ ለቲ ሕዋስ ብዙ ያሳያል፤ ብዙ ያሳየም የበለጠ እርዳታ አግኝቶ ወደ ጨለማው ክፍል ለሌላ ዙር ይመለሳል። የተሸነፉት እዚያው ሞተው ማክሮፋጅ በተባሉ በላተኛ ሕዋሳት ይዋጣሉ። ስለዚህ የቲ ሕዋስ እርዳታ መግቢያ ላይ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ ሳይሆን በየዙሩ የሚፈተንበት ነው፤ በዕውር ለውጥ መካከል የገዛ አካልን የሚይዝ ሕዋስ ቢፈጠር እንኳ የሚያሳየው ባዕድ ቁራሽ ስለማይኖረው እርዳታ የማግኘት ዕድሉ ትንሽ ነው።

ከማዕከሉ የሚወጡት ወይ የትውስታ ሕዋሳት ወይ አንቲቦዲ አምራች ፕላዝማ ሕዋሳት ይሆናሉ፤ ከፕላዝማ ሕዋሳቱ ብዙዎቹ ወደ አጥንት መቅኔ ተመልሰው ለዓመታት ይኖራሉ። አንቲጂኑ ሲያልቅ ማዕከሉ ይከስማል፣ ዕጢውም ይሟሽሻል። የተማሪዎ ንፍፊት ቁስሉ ከዳነ በኋላ ካልቀነሰ፣ በተለይም ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ወይም ትኩሳትና ክሳት ከተጨመረበት፣ በአገራችን የሊምፍ ዕጢ ቲቢ የተለመደ ነውና ጤና ጣቢያ ሄዶ እንዲመረመር ይንገሩት።