ጾም የተትረፈረፈ ኑሮን ያቀላል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ኑሮዬ ከልክ በላይ ሞልቷል፤ ሀብታም ነኝ ማለቴ ግን አይደለም። ቁምሳጥኑ አልዘጋ ብሏል። መለያ ወረቀታቸው ያልተነቀለ ልብሶች ከታች ተጨፍልቀው አዳዲሶቹ ከላይ ይደረባሉ። ማታ አልጋ ላይ ሆኜ፣ የሚያስፈልገኝን ሳይሆን የሚገዛ ነገር ስልኬ ላይ ስፈልግ ሰዓቱ ይነጉዳል። ጾም ሲገባ እጾማለሁ፤ የሚቀየረው ግን ሳህኑ ላይ ያለው ብቻ ነው። እንዲያውም የጾም ምግቡን ለማጣፈጥ የማጠፋው ጊዜና ገንዘብ ከፍስኩ ይበልጣል። ጾም ይህን ሁሉ ግርግር ሊያቀልልኝ ይችላል ወይስ ከጾም የማይጠበቀውን እየጠበቅሁ ነው?

መልስ 1
ይችላል እህቴ። ግን በመጾምሽ የተረፈው የት እንደሚሄድ ቀድሞ ካልተወሰነ ዞሮ ዞሮ እዚያው ቁምሳጥን ነው የሚገባው። በ2ኛው መቶ ዘመን በተጻፈው «እረኛ» በተባለው የሄርማስ የክርስትና መጽሐፍ ውስጥ ያለውን ምክር እወደዋለሁ። በጾምሽ ቀን ዳቦና ውኃ ብቻ ቅመሺ፣ ያን ቀን ልትበዪው የነበረው ምግብ ስንት እንደሚያወጣ አስቢ፣ ገንዘቡን ለመበለት ወይም ወላጅ ለሌለው ልጅ ወይም ለተቸገረ ስጪ ነው የሚለው። በቃ፣ ሒሳብ ነው። ኢሳይያስ 58ም የተራበውን አብሉ፣ የታረዘውን አልብሱ ይላል፤ መለያው ያልተነቀለ ልብስ ላለው ሰው ከዚህ በላይ ግልጽ ነገር የለም።
እኔ በጾም ወራት ከአስፈላጊ ነገር በቀር ምንም አልገዛም። ያማረኝን ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ጾሙ ሲፈታ ዝርዝሩን ሳየው አብዛኛው ለምን እንዳማረኝ እንኳ ትዝ አይለኝም።

መልስ 2
እኔ ትንሽ ልቃወም። ጾም ቤት ማራገፊያ ዘዴ አይደለም። ዘካርያስ 7 ላይ እግዚአብሔር ለዓመታት የጾመውን ሕዝብ በእርግጥ ለእኔ ነው ወይ የጾማችሁት ብሎ ይጠይቃል፤ ይህ ጥያቄ ለእኛም ነው። ጸሎት የሌለበት ጾም ቁጠባ ወይም የአመጋገብ ለውጥ ነው፣ ከዚያ አያልፍም። ኑሮ መቅለሉ ተከትሎ የሚመጣ ፍሬ ነው።
ደግሞ ማቴዎስ 6ን ሳታቋርጪ አንብቢው። ጌታ ስለ ጾም የሚናገረው ከቁጥር 16 እስከ 18 ነው። ወዲያው ቁጥር 19 ላይ ብል ስለሚበላው የምድር መዝገብ ይናገራል፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ ምን እንለብሳለን ብላችሁ አትጨነቁ ይላል። ምዕራፉ ራሱ ከጾም ወደ ልብስ ነው የሚወስደው። ስለዚህ ያችን የማታ ሰዓት ቀድመሽ ጹሚያት። ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር፣ በቦታው ጸሎት ይግባ። ከልብሱ በፊት የሚፈተንሽ ይሄ ይመስለኛል።

ጠያቂዋ
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የማቴዎሱን እንዲህ አያይዤ አንብቤው አላውቅም። አንድ ነገር ልጨምር፤ ባለቤቴ አይጾምም። የቤቱን ወጪ ብቻዬን ልቀንስ ብል ጭቅጭቅ ይነሳል።

መልስ 3
እሱ ላይ አትጫኚበት። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥5 ባልና ሚስት ለጸሎት ሲሉ እንኳ የሚለያዩት ተስማምተው፣ ለጊዜው ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ለቤት ወጪም ያው ነው። በራስሽ ልብስ፣ በራስሽ ስልክ፣ በራስሽ ሳህን ጀምሪ፤ የጋራውን ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። በ4ኛው መቶ ዘመን የነበረው የቤተ ክርስቲያን አባት ባስልዮስ ስለ ጾም ሲሰብክ ሥጋ ሳይበሉ ወንድማቸውን የሚበሉ ሰዎችን ወቅሷል። ጾመሽ ባልሽን የምትነጫነጪበት ከሆነ ከምግብ መከልከልሽ ምን ይረባል?
ስለ ማጣፈጡ ደግሞ፣ የጾም ሰሞን ምግብሽን ጥቂት ዓይነት አድርጊውና እሱኑ እያፈራረቅሽ ብዪ። ምን ልሥራ የሚለው ሐሳብ ብቻውን ስንት ጉልበት እንደሚበላ ያኔ ታዪዋለሽ። መድኃኒት የምትወስጂ፣ ስኳር ያለብሽ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ግን የጾም ሰዓት ከመጨመርሽ በፊት ሐኪምሽን አማክሪ። ከግዢና ከስልክ ለመጾም ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግሽም፣ እሱን ዛሬ ማታ መጀመር ትችያለሽ።