የስፖርት መምህራችንን የሕይወት ታሪክ ለመሰነድ የሚቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ የአባላት የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ የተከበራችሁ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን አባላት፣ ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ በተስማማነው መሠረት፣ ከ1965 እስከ 2003 ዓ.ም. ለ38 ዓመታት ደሴ ላይ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ያስተማሩንንና 60 ዓመት ሞልቷቸው በጡረታ ከተሰናበቱ በኋላም ከበጎ ፈቃድ ሥራ ያልተለዩትን መምህራችንን ታሪክ በመጽሐፍ ለማሳተም የሚቀርበውን ሐሳብ አርቅቄያለሁ። መምህራችን ሙሉውን ጽሑፍ አንብበው እስኪፈቅዱ ድረስ ስማቸው በየትኛውም ወረቀት ላይ እንዳይጻፍ ስላሳሰቡን፣ በዚህ ውይይትም «መምህራችን» እያልን እንቀጥላለን። ረቂቁ ሦስት ምዕራፎች አሉት፤ የመጀመሪያው ልጅነታቸውንና ሥልጠናቸውን፣ ሁለተኛው የትምህርት ቤታችን ቡድኖች ያገኟቸውን ዋንጫዎች፣ ሦስተኛው የበጎ ፈቃድ አገልግሎታቸውን ይመለከታል። አስተያየታችሁን በጽሑፍ እንድታቀርቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አባል፣ የስፖርት መምህር፣ ከአሰላ፦ ረቂቁ መልካም ነው፤ ሆኖም ደጋፊ የሚሆኑን ሰዎች የስፖርት መምህር ምን ያህል ፍሬ ሊያፈራ እንደሚችል በቅድሚያ ማየት አለባቸው ብዬ አምናለሁ። እኔ ከምሠራበት ከተማ በስተደቡብ ያለችው በቆጂ ለዚህ ምስክር ናት። አሠልጣኝ ሰንታየሁ እሸቱ በዚያች ትንሽ ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ሳሉ ያዩአቸው ልጆች የት እንደደረሱ ሁላችንም እናውቃለን። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር አሸነፈች፤ ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ ላይ የማራቶን ወርቅ አመጣች፤ በ2008 ቤጂንግ ላይ አገራችን ያገኘቻቸው አራት ወርቆች ደግሞ በሙሉ የቀነኒሳ በቀለና የጥሩነሽ ዲባባ ነበሩ፤ ሁለቱም በበቆጂና በአካባቢዋ ያደጉ ናቸው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ ሁለተኛው ምዕራፍ ወደ ፊት መጥቶ፣ መምህራችን ለአውራጃና ለክፍለ ሀገር ውድድር ያበቋቸው ተማሪዎች ዝርዝር የመጽሐፉ መክፈቻ እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ።

አባል፣ ከዋሽንግተን ዲሲ፦ ወንድማችን ስለ በቆጂ የጻፉትን በደስታ አንብቤያለሁ፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። በመምህራችን እጅ ያለፈ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን የለም፤ እንዳለ ለማስመሰል የወረዳ ዋንጫ ብንደረድር እሳቸውን እናሳንሳቸዋለን። እኔ ከ1973 እስከ 1976 ዓ.ም. ተማሪያቸው ነበርኩ። በሕፃንነቴ የፖሊዮ በሽታ ግራ እግሬን ስለጎዳው፣ ወላጆቼ ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ነጻ የሚያደርገኝን የሐኪም ወረቀት ይዘው መጡ። መምህራችን ወረቀቱን ተቀብለው ካነበቡ በኋላ በትሕትና መለሱላቸው፤ በማግስቱም አንገቴ ላይ ስቶፕ ዎች አንጠልጥለው፣ ደብተርና ሜትር አስይዘው፣ ሆጤ ሜዳ ላይ ከአሸዋው ጉድጓድ አጠገብ አቆሙኝ። በዚያ ዓመት የእያንዳንዱን ተማሪ የ100 ሜትር ሰዓት፣ የርዝመት ዝላይና የአሎሎ ውርወራ ልኬት የመዘገብኩት እኔ ነበርኩ። ሻምበል አበበ ቢቂላ ከመኪናው አደጋ በኋላ ዊልቸር ላይ ሆኖ እንግሊዝ አገር በቀስት ውርወራ መወዳደሩን ያወቅሁትም ከእሳቸው ነው፤ የነገሩኝም ለማጽናናት ብለው ሳይሆን፣ የቀስት ውርወራ ነጥብ እንዴት እንደሚቆጠር ሲያስረዱኝ በመሐል ነበር።

የምጠይቀው ይህንን ነው። እነዚያ ደብተሮች ዛሬም በመምህራችን ቤት በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ይገኛሉ። ደብተሮቹ የአሸናፊዎች መዝገብ አይደሉም፤ 40ኛ የወጣውም ልጅ ከሁለት ወር በኋላ 4 ሴንቲ ሜትር ጨምሮ እንደዘለለ በግልጽ ተጽፎባቸዋል። እሳቸውም ውጤት የሚሰጡት ተማሪው ከራሱ ያለፈ ልኬት ስንት እንዳሻሻለ አይተው እንጂ ከጎረቤቱ ጋር አወዳድረው አልነበረም። መጽሐፉ በእነዚያ ደብተሮች ላይ ካልቆመ የእሳቸው ታሪክ ሊሆን አይችልም።

አባል፣ ነርስ፣ ከደሴ፦ ጋሼ ከዋሽንግተን ያሉትን እደግፋለሁ፤ እኔም በዚያ ደብተር ውስጥ አለሁ። አባቴ ሴት ልጅ በቁምጣ ሜዳ ላይ አትወጣም ብለው ሲከለክሉኝ፣ መምህራችን ቤታችን ድረስ መጥተው ቡና ከጠጡ በኋላ፣ ከቀሚሴ ሥር ሱሪ ለብሼ እንድሮጥ ተስማምተው ሄዱ። (ፊሽካቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ነበር የገቡት፤ እኛ ተማሪዎች ከኋላቸው «ፊሽካ» ብለን እንደምንጠራቸው እርግጠኛ ነኝ ያውቁ ነበር።)

ስለ ሦስተኛው ምዕራፍ ግን ከዋሽንግተንም ከአሰላም ይልቅ እኔ ቅርብ ነኝና ጥቂት ላክል። ረቂቁ «በበጎ ፈቃድ አገልግለዋል» ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፋል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወሎን ሲመታ፣ ከክፍል ውጭ ያለውን ጊዜያቸውን በሙሉ ከቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞች ጋር አሳልፈዋል፤ ትልልቆቹን ተማሪዎች ይዘው ቃሬዛ ሲሸከሙ፣ ሁለት ሰው አንድን ታማሚ ሳያናውጥ እንዴት አንሥቶ እንደሚራመድ ያስተማሩት በሜዳው የሰልፍ ትምህርት መንገድ ነበር። 65 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ በየሦስት ወሩ ደም ይለግሱ ነበር፤ ዕድሜያቸው ካለፈ በኋላ ደግሞ ሌሎችን እየቀሰቀሱ ይዘው ይመጣሉ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖች በከተማችን ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ሳሉ፣ እኛ የጤና ባለሙያዎች ስለ ውኃና ስለ ተቅማጥ ስንጨነቅ፣ እሳቸው ግቢው ውስጥ በኖራ መስመር አስምረው ሕፃናቱን ሰኞ ማክሰኞና ዱላ ቅብብል ያጫውቱ ነበር። መጀመሪያ ላይ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ጊዜው የጨዋታ አይደለም ብዬ ተቆጥቼ ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን እናቶቹ ከእኛ ድንኳን ይልቅ ወደ እሳቸው መስመር ስለሚሰበሰቡ፣ የልጆቹን ክትባት እዚያው ሰልፋቸው ላይ ሰጠን። ይህ በምዕራፉ ውስጥ በስፋት ይግባልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ በአጭሩ፣ አሁን ባለን መዋጮ 300 ቅጂ ማሳተም እንችላለን። የፎቶግራፍ ገጾች በቀለም ከታተሙ ግን ቁጥሩ ወደ 200 ይወርዳል። እኔ ጥቁርና ነጩን እመርጣለሁ።

አባል፣ የስፖርት መምህር፣ ከአሰላ፦ የሁለታችሁን ጽሑፍ ደጋግሜ ካነበብኩ በኋላ ያቀረብኩትን የመክፈቻ ሐሳብ አንሥቻለሁ። በሙያዬ ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ልኬቶቹ ለዛሬ መምህራን እንዲጠቅሙ ከእያንዳንዱ ልኬት ጎን የተማሪው ዕድሜና የተለካበት ወር መታየት አለባቸው፤ የ13 ዓመት ልጅ በስድስት ወር ውስጥ የሚያሳየው ለውጥ ከልምምዱ ይሁን ከዕድገቱ ያለዚያ መለየት አይቻልም። የዋንጫዎቹም ዝርዝር ከነጭራሹ አይቅር፤ ያሸነፉትም ልጆች የእሳቸው ተማሪዎች ስለሆኑ በመጨረሻው ገጽ ላይ ቢሰፍር ተገቢ ነው።

ጸሐፊ፦ በተሰጡት አስተያየቶች መሠረት ረቂቁን አሻሽዬዋለሁ። የጋራ ሐሳባችን ዋና አንቀጽ አሁን የሚከተለውን ይላል፦ «ማኅበሩ መምህሩ በእጃቸው ያቆዩአቸውን የልኬት ደብተሮች በምስል ቀድቶ ያስቀምጣል፤ በደብተሮቹ ውስጥ የተመዘገቡትን ተማሪዎች በሚቻለው መጠን አፈላልጎ ቃላቸውን ይቀበላል፤ የመምህሩን የማስተማርና የበጎ ፈቃድ ሕይወትም ከእነዚህ ቃሎች አንድ ላይ አድርጎ ይጽፋል።» የዋንጫው ዝርዝር አባሪ ሆኗል፤ ኅትመቱ በጥቁርና ነጭ 300 ቅጂ እንዲሆን ተይዟል።

ባለፈው ቅዳሜ እኅታችን ነርሷና እኔ መምህራችን ቤት ሄደን ሳጥኑን ከፍተን አይተናል። ደብተሮቹ 31 ናቸው፤ ሁለቱን አይጥ ከዳር በልቷቸዋል፤ ጽሑፋቸው ግን ይነበባል። ፈቃዳቸውንም ሰጥተውናል። ሆኖም ሳንወያይበት ልናልፈው የማንችለው አንድ ጉዳይ አጋጥሞናል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደብተሮች ላይ ልኬታቸው በዓመቱ መሐል የተቋረጠ ሰባት ስሞች አሉ። ስማቸው በየወሩ በመምህራችን የእጅ ጽሑፍ እንደገና ተጽፏል፤ የልኬቱ ቦታ ግን እስከ ሰኔ ድረስ ባዶ ነው። ምክንያቱን ስንጠይቃቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ይመለሱ ይሆናል ብዬ ነው መስመራቸውን የያዝኩላቸው» አሉን።

እነዚህ ሁለት ደብተሮች ከመታተማቸው በፊት የሰባቱ ቤተሰቦች ተፈልገው ፈቃዳቸው እንዲጠየቅ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከአባላቱ መካከል በዚያ ዘመን ስምንተኛና ዘጠነኛ ክፍል የነበራችሁ ካላችሁ፣ ስሞቹን እዚህ ሳትጽፉ ለእኔ ብቻ በስልክ እንድታሳውቁኝ እለምናለሁ።

አባል፣ ከዋሽንግተን ዲሲ፦ ከሰባቱ አንዱ ታላቅ ወንድሜ ይመስለኛል። ነገ በእናንተ ሰዓት ጠዋት እደውላለሁ።