ዳይናሞው ይጮኻል እንጂ አይነሳም፤ ማታ ደግሞ ለባለቤቴ ቁርጥ መልስ አለብኝ (ቱሉ ዲምቱ)

ጠያቂ፦ እናት ከአራተኛ ፎቅ
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ውሃ ገና አሁን መጣ፣ እስከ ንጋት መቆየቱን እንጃ። የውሃ መግፊያ ዳይናሞውን ስሰካው እምምም ይላል፣ አይነሳም። ሮቶው ባዶ ነው። ቅድም መብራት ሄድ መጣ ሲል ነበር።
ባለቤቴ በርሊን ነው። ልጆቹን ይዘሽ ጠቅልለሽ ነይ ብሎኛል፣ ማታ ሲደውል ቁርጡን ልነግረው ነው። እዚያ ሁሉ ነገር ይሠራል፣ እዚህ ምንም አይሠራም። የሁለቱን አገር ኑሮ የምታውቁ እስቲ አወዳድሩልኝ።

ኤሌክትሪሻን
እህቴ፣ መጀመሪያ ንቀይው። እየጮኸ ከቆየ ኮይሉ (የውስጡ የሽቦ ጥቅል) ይቃጠላል። ከዚያ ከኋላ ያለውን ሽፋን ፈትተሽ ፋኑን በእጅሽ አዙሪው። ከከበደ ዝገት ወይም አሸዋ ይዞታል። በቀላሉ ከዞረ ግን ካፓሲተሩን (ሞተሩን የሚያስነሳውን ትንሽ ኃይል ማጠራቀሚያ) ጠርጥሪ። ተነቅሎም ኃይል ሊይዝ ስለሚችል ጫፎቹን በእጅሽ አትንኪ።

መምህሩ
ንጽጽር በስሜት አይሠራም። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ከ1990 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሰው ልማት መለኪያ ያወጣል። የሚያየው ሦስት ነገር ነው፦ የዕድሜ ጣሪያን፣ ትምህርትንና የነፍስ ወከፍ ገቢን። ጀርመን ከላይኞቹ ነች፣ እኛ ከታችኛው ምድብ ነን። ግን ይህ የአገር አማካይ ነው፤ የአንቺን ቤት አይነግርሽም። የባልሽን ደሞዝም በብር አታባዢ። ብር ሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ዩሮ ሲመነዘር ቁጥሩ ዓይን ይሞላል፣ እሱ ግን ዳቦውን የሚገዛው በዩሮ ነው።

ሰፈርተኛ
ፋኑን በእጅሽ አዙሪው። የኔም እንዲሁ ሆኖ ተነስቷል።

የጀሞ ልጅ
ምንም አይሠራም ያልሽው አልተዋጠልኝም። ሥራ አምሽተሽ ስትመጪ ልጆችሽን ማን አብልቶ ይጠብቅልሻል? ጎረቤት አይደለም? ሰው ቢታመም ቢሞት ዕድሩ አለ። ይሄም ኑሮ ነው፣ ቁጠሪው። ዳይናሞ ተበላሸ ተብሎ አገር አይለቀቅም።

እናት ከአራተኛ ፎቅ
ፋኑ እንደ ልብ ይዞራል። ግን አሁንም አይነሳም። ባለቤቴ ሆስፒታል ውስጥ ነው የሚሠራው፣ እኔ አስተማሪ ነኝ። ልጆቹ 6 እና 9 ዓመታቸው ነው።

አቃቂ 12
ለባለቤትሽ ንገሪው፣ ለመውሰድ ሲመጣ አንድ ካፓሲተር ይዞ ይምጣ። 😄

የበርሊኗ
እህት ዓለም፣ እኔ እዚሁ በርሊን ነኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። የማውቀውን ልንገርሽ። መንግሥት ለእያንዳንዱ ልጅ በየወሩ ገንዘብ ይሰጣል፣ በ2025 (እ.ኤ.አ.) 255 ዩሮ ነበር። የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍያ የለውም። ባለቤትሽ በሕዝባዊው የጤና መድን ውስጥ ከሆነ አንቺም ሥራ እስክትይዢ፣ ልጆቹም ያለ ተጨማሪ መዋጮ ይካተታሉ። ልጄ ሌሊት ሲያተኩሰው ሐኪም ቤት የወሰድኩት ስንት ይጠይቁኝ ይሆን ሳልል ነው። ለኔ ትልቁ ልዩነት ይሄ ነው።
አሁን ሌላውን ስሚ። ቤት ሲከራይ እስከ ሦስት ወር ኪራይ መያዣ ይጠይቃሉ። ኪራዩ ማሞቂያ የተደመረበት መሆን አለመሆኑን ባልሽን ጠይቂው፣ ልዩነቱ ብዙ ነው። በታኅሣሥ ጠዋት 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ይነጋል፣ ማታ 10 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። የመጀመሪያው ክረምት እኔን አስለቅሶኛል። ልጅ የሚይዝልሽ ጎረቤት አታገኚም፣ የጀሞው ልጅ ያለው እውነት ነው። አስተማሪነትሽም ወዲያው አይቀጥልም፤ ቋንቋው አለ፣ የትምህርት ማስረጃሽም ይመረመራል። ባልሽ ብሉ ካርድ (ለተማሩ የውጭ ሠራተኞች የሚሰጥ የመኖሪያ ፈቃድ) ከሌለው አብዛኛውን ጊዜ ቪዛ ሳታገኚ የጀርመንኛ ኤ 1 (የጀማሪ ደረጃ) ፈተና ማለፍ አለብሽ። ስለዚህ ዛሬ "እሺ" ብትዪም ነገ አትበሪም። ትምህርቱን ስድስት ኪሎ ጎተ ኢንስቲትዩት ጀምሪ፣ ከቱሉ ዲምቱ ሩቅ ቢሆንም። ማታ "እመጣለሁ አልመጣም" ከማለትሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂው፦ ስንት ክፍል ቤት አለው? የሌሊት ተረኛ ሲሆን ልጆቹ ከማን ጋር ያድራሉ? ከደሞዙ ተቆራርጦ እጁ ላይ ስንት ይቀራል?

መምህሩ
ደሞዙን ስትጠይቂ ግብር ከተቆረጠ በኋላ ያለውን ንገረኝ በዪው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሰፈርተኛ
ፋኑን አዞርሽው?

ኤሌክትሪሻን
አዙራዋለች፣ ከላይ አንብብ። እህቴ፣ እንግዲያው ካፓሲተሩ ነው። ላዩ ላይ የማይክሮፋራድ ቁጥር ተጽፏል፣ የምትገዢው በዚያው ቁጥር ይሁን፤ ቮልቱም ከነበረው አይነስ። ዳይናሞው ተነስቶ ውሃ ካልገፋ አየር ይዟል፤ የዳይናሞውን አፍ ከፍተሽ ውሃ ሙዪበት።

የጀሞ ልጅ
እስከዚያ ግን ከታች ቧንቧ ጄሪካኑን ሁሉ ሙዪ። ውሃው አይጠብቅሽም።

ኮዬ ፈጬ
ቅርብሽ ነኝ። ከድሮ ዳይናሞ የተረፈ ካፓሲተር ቤቴ አለ። ቁጥሩ ስንት ይላል? ብሎክሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ይዤልሽ ልምጣ።