ባይፖላር ድባቴ፦ ፀረ ድባቴ መድኃኒት ብቻውን ይበቃል?

ጥያቄ፦ ባይፖላር ስሜት በድባቴና በማኒያ (ከልክ ባለፈ መነቃቃት) መካከል የሚዋዥቅበት ሕመም ነው፤ ድባቴው ከሌላው ድባቴ በምን ይለያል? ሕክምናውስ?

መልስ 1፦ ድባቴው ብዙም አይለይም፤ የሚለየው ያለፈው ታሪክ ነው። ለ4 ቀናትም ሆነ ከዚያ በላይ ትንሽ ተኝቶ ጉልበት የተረፈው፣ ንግግሩ የፈጠነ፣ ገንዘብ ያለልክ የበተነበት ጊዜ ካለ ሐኪሙ ባይጠይቅም ይነገረው። ታማሚው ያን ጊዜ እንደ ጤና ስለሚቆጥረው የቤተሰብ ሰው አብሮ ቢገባ ይሻላል። ይህ ከተደበቀ ፀረ ድባቴ ብቻውን ይታዘዝና ወደ ማኒያ ሊገፋው ይችላል።

መልስ 2፦ ሊትየም (ስሜት የሚያረጋጋ መድኃኒት) ከታዘዘ መጠኑን ለመለካት ለምርመራ ደም የሚሰጠው ከመጨረሻው ኪኒን 12 ሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ውጦ መሄድ ውጤቱን ያዛባል (በጣም የተለመደ ስህተት)። ብዙ ጊዜ በደም ውስጥ የሚፈለገው መጠን 0.6–0.8 ሚሊሞል በሊትር ነው። ተቅማጥ፣ ትውከትና አይቡፕሮፌን ከፍ ያደርጉታል፤ ከባድ መንቀጥቀጥ ወይም መንገዳገድ ከመጣ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ።

መልስ 3፦ ላሞትሪጅን (ሌላ ስሜት የሚያረጋጋ መድኃኒት) ሲጨመር አይቸኮልበትም፤ በተለምዶ በቀን 25 ሚሊግራም ለ2 ሳምንት፣ ከዚያ 50 ለ2 ሳምንት፤ ከቫልፕሮኤት (ይህም ስሜት የሚያረጋጋ መድኃኒት ነው) ጋር ከሆነ ግማሹ። ሽፍታ ከወጣ በዚያው ቀን መታየት ነው።

ጠያቂ፦ ሲሻለው ቢያቆምስ?

መልስ 2፦ በድንገት በፍጹም! ሊትየም ሲቋረጥ ማኒያ ቶሎ ይመለሳል። ማቆም ካስፈለገም ከሐኪም ጋር ቢያንስ በ4 ሳምንት፣ ቢቻል በ3 ወር ቀስ እየተባለ። ራሱን ስለማጥፋት ካወራ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ብቻውን ሳትተዉት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።