ባሕር አይታ ከማታውቅ እናቴ ጋር ቅዳሜና እሑድን ሞምባሳ

የደጋ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ናይሮቢ ነው። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ አብራኝ አለች። ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም። ቴሌቪዥን ላይ ሲመጣ የያዘችውን ትታ ነው የምታየው። ባለፈው «እውነት ማዶው አይታይም?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ልቤ አላረፈም። ሳላሳያት እንድትመለስ አልፈልግም።

ያሰብኩት በየካቲት አንዱን ዓርብ ከሥራ በጊዜ ወጥቼ ሞምባሳ መሄድ፣ እሑድ ማታ መመለስ ነው። ሰኞ ጠዋት ቢሮ መግባት አለብኝ። እናቴ ስልሳዎቹን እያገባደደች ነው። ጉልበቷን ያማታል፤ የደም ግፊት መድኃኒትም ትወስዳለች። ቅዳሜ ጠዋት ፎርት ጂሰስ፣ ከሰዓት የዲያኒ ባሕር ዳርቻ፤ እሑድ ደግሞ ሃለር ፓርክ፣ አሮጌው ከተማና ወለሉ መስታወት በሆነው ጀልባ የባሕር ፓርኩን ማየት ብዬ ይዣለሁ። ይበዛ ይሆን? በባቡር ይሻላል በአውሮፕላን? የትኛው ሰፈር ብናድር ይመረጣል? የሄዳችሁ ሰዎች ንገሩኝ። ለእሷ የሚመች እንዲሆን ነው የምፈልገው።

ባለ ሐዲዱ

ስትሄዱ በባቡር፣ ስትመለሱ በአውሮፕላን። እኔ ከእናቶች ጋር የምመርጠው ይህንን ነው።

የከሰዓቱ ፈጣን ባቡር ትኬት ላይ 15:00 ተብሎ ነው የሚጻፈው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው። አምስት ሰዓት አለፍ ይላል። መነሻው ሲዮኪማው ስለሆነ ቀድማችሁ ውጡ። ሻንጣ በውሻ ይፈተሻል፣ ከዚያ በመሣሪያ ያልፋል፤ ሰልፉ ላይ ለመቆም ጉልበት ይጠይቃል። አንደኛ ማዕረግ ቁረጪላቸው። በሁለተኛው ወንበሮቹ ፊት ለፊት ናቸው፤ እግር መዘርጋት አይቻልም። የዓርብ ትኬት ቶሎ ስለሚያልቅ ቀኑን እንደወሰንሽ ግዢ። የእሳቸውን ፓስፖርት አትርሺ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጻቮን፣ ትልቁን የዱር እንስሳት ፓርክ፣ ታልፋላችሁ። በመስኮት በኩል ይቀመጡ። ዝሆኖቹ ቀይ አፈር ስለሚለብሱ ራሳቸውም ቀይ መስለው ይታያሉ። ሐዲዱ እንስሳቱ ከሥሩ እንዲያልፉ በብዙ ቦታ ከፍ ተደርጎ ነው የተሠራው።

የሌሊቱን ባቡር ግን ለመልስ እንዳታስቢው። ሌሊቱን ቁጭ ብለው አድረው ሰኞ ንጋት ላይ ናይሮቢ መግባት ለእሳቸውም ለአንቺም ከባድ ነው። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው።

የወደብ ሰው

እህቴ፣ ሞምባሳ ወደብ ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ጥያቄሽን ሳነብ መጀመሪያ ያሰብኩት ሆቴሉንም ባቡሩንም አይደለም። ጨረቃን ነው ያሰብኩት።

ለምን መሰለሽ? እዚህ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በሙሉ ጨረቃና ጨረቃ በምትጠፋበት ሰሞን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ሜትር ያልፋል። ኒያሊና ባምቡሪ በሚባሉት የባሕር ዳር ሰፈሮች ላይ ሲጎድል ውኃው እስከ ኮራሉ፣ ማለት ከዳርቻው ራቅ ብሎ ባሕሩ ውስጥ እስካለው የድንጋይ አጥር፣ ድረስ ይሸሻል። የሚቀረው እርጥብ አሸዋ፣ የባሕር ሣርና ድንጋይ ነው። ሰው ይህን ሳያውቅ ይመጣና «ባሕሩ የታለ?» ይላል። እናትሽ በሕይወታቸው መጀመሪያ የሚያዩት ባሕር የጎደለው እንዲሆን አትፍቀጂ። ይህ የዕቅድሽ መነሻ ይሁን። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይደረደራል።

ስለዚህ ሙሉ ጨረቃ የምትውልበትን ቅዳሜና እሑድ ምረጪ። በዚያ ሰሞን እኛ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላው ከሰዓት 10 ሰዓት ገደማ ነው፤ ሌሊቱንም እንዲሁ። የሚጎድለው ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢና ማታ ነው። በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ ይሄዳል። የቀኑን ትክክለኛ ሰዓት የሞምባሳን የባሕር ሠንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጊ ታገኚዋለሽ፤ ሆቴሎችም ብዙ ጊዜ እንግዳ መቀበያው ላይ ይለጥፉታል። ከሰዓት 10 ሰዓት ማለት ፀሐይዋ የበረደችበት ነው። እማማ ወንበራቸውን ጥላ ሥር አድርገው ውኃው እየተጠጋ ሲመጣ ያዩታል። አንዳንዴ የሆቴሉን ግንብ እስኪመታ ይደርሳል።

አሁን ሰዓቱን ከቦታው ጋር ላገናኝልሽ። ዓርብ ስትደርሱ መሽቷል። ጣቢያው ሚሪቲኒ ነው፤ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ መኪና አስቀድመሽ ያዢ። ማደሪያችሁ ኒያሊ ወይም ባምቡሪ፣ በቀጥታ ባሕሩ ላይ ያለ ሆቴል ይሁን። መንገድ ማዶ ያለው ይረክሳል፤ ለዚህ ጉዞ ግን እዚህ ላይ አትቆጥቢ። ምድር ቤት ክፍል ጠይቂላቸው። ከክፍላቸው እስከ ውኃው ስንት ደረጃ እንዳለም ስልክ ደውለሽ አጣሪ። ፎቶው ላይ የማይታይ ረጅም ደረጃ ያላቸው አሉ፤ በተለይ ኒያሊ ላይ ባሕሩ ከገደል ሥር የሆነበት ቦታ አለ።

ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ቀስቅሻቸው። እናቶች ድሮም በዚያ ሰዓት ነቅተዋል። ባሕር ዳርቻው ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይ ከውኃው ውስጥ ነው የምትወጣው፤ በየካቲት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ። ውኃው በዚያ ሰዓት ገና አልሸሸም። መጀመሪያ እንዲያዩት የምመኝላቸው በዚህ ሰዓት ነው። ባዶ እግራቸውን ይቁሙ። አሸዋው ሌሊቱን ስለቀዘቀዘ ደስ ይላል፤ ውኃው ደግሞ ለብ ያለ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ይገረማል፤ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ጠብቆ ነው የሚመጣው። ማዕበሉ ሲመለስ ከተረከዛቸው ሥር አሸዋውን ይዞ ስለሚሄድ ያንገዳግዳል። ክንዳቸውን ያዢ።

ውኃው ሲሸሽ እናንተ ወደ ከተማ ሂዱ። ፎርት ጂሰስ ጠዋት 2 ሰዓት ይከፈታል። ፖርቱጋሎች በ1593 መሥራት የጀመሩት ምሽግ ነው፤ ከ1696 ጀምሮ ኦማኖች ከበውት በ1698 ወሰዱት። እንግሊዞች ደግሞ እስር ቤት አድርገውት ነበር። ውስጡ ሜዳ ነው፣ ጥላው ጥቂት ነው። ግንቡ ላይ መውጣት የለባቸውም። ሙዚየሙን አይተው ይውጡ። ከዚያ እዚያው አጠገብ ወዳለው አሮጌው ከተማ ግቡ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ጠዋት ጥላ አለው። የተቀረጹ የእንጨት በሮች አሉ። የነሐስ ጀበና ከሥሩ ከሰል አድርጎ ቡና የሚሸጥ ሰው ስታዪ አስቁሚው። ዝንጅብል ያለበት ቡና በትንሽ ሲኒ ይቀዳል። እናትሽ ስለ አፈላሉ ብዙ የሚሉት ይኖራቸዋል፤ ሻጩም ጨዋታ ይወዳል። ሰፈሩ የእስልምና እምነት ተከታዮች የሚበዙበት ስለሆነ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልበሱ። ከ5 ሰዓት በፊት ወደ ሆቴል ተመለሱ፣ ይተኙ። 9 ሰዓት ተኩል ላይ ባሕሩ እየሞላ ይጠብቃችኋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ሙሉዋ ጨረቃ በባሕሩ በኩል ትወጣለች። ስለዚህ እራት ውጭ ይሁን።

እሑድ ሃለር ፓርክ በጠዋት ጥሩ ነው። ለሲሚንቶ ድንጋይ ሲቆፈርበት ኖሮ የተራቆተ ቦታ ነበር። ከ1971 ጀምሮ ሸውሸዌ እየተከሉበት ነው ጫካ የሆነው። እኔ ይህን ቦታ አከብረዋለሁ፤ የተበላሸ መሬት እንደሚድን የሚታይበት ነው። ትልልቆቹን ኤሊዎች ያያሉ። ቀጭኔ በእጅ የሚመገብበት ሰዓት አለ፤ ሰዓቱን በር ላይ ጠይቂ። ከሰዓት ሻንጣችሁን መኪና ውስጥ አድርጋችሁ ማማ ንጊና የሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ ሂዱ። ባኦባብ የሚባሉ ግንደ ወፍራም ትልልቅ ዛፎች አሉ፣ መቀመጫ አለ። መርከቦቹ ወደ ኪሊንዲኒ ወደብ የሚገቡት በዚያች ጠባብ መተላለፊያ ነው። ኮንቴይነር የተቆለለበት መርከብ በጣም ቀርቦ ሲያልፍ ማየት ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ።

ዲያኒን ሰርዢው። በከተማው በኩል ከሄዳችሁ ሊኮኒ ላይ በጀልባ መሻገር አለ። መሻገሩ ደቂቃዎች ነው፣ ወረፋው ግን አይታወቅም። ከዚያም ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። የመስታወት ጀልባውንም እተወው ነበር። ከአሸዋው ወደ ጀልባው ውኃ ውስጥ ገብቶ ነው የሚወጣው፣ ለጉልበታቸው አይሆንም።

አንድ ነገር ልጨምር። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ነው። የቱክቱክ (የባጃጅ) ሾፌር በስዋሂሊ «ሳ ታቱ» ካለሽ ጠዋት 3 ሰዓት ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ ሲነግርሽ ግን በፈረንጆች አቆጣጠር ይሆናል። ቀጠሮ ስትይዢ አረጋግጪ።

ነፋሻማ

ከወደብ ሰው ጋር በዲያኒ ጉዳይ አልስማማም። አሸዋው ነጭ ነው፣ ይደቃል፤ ሰውም እንደ ባምቡሪ አይበዛም። እሑድ ከሰዓት የባምቡሪው የሕዝብ ባሕር ዳርቻ እኮ መቆሚያ የለውም። እናት ባሕር ለማየት ነው የሚመጡት፣ ምሽግ ምን ያደርግላቸዋል? ከናይሮቢ በቀጥታ ዲያኒ አጠገብ ኡኩንዳ የሚያርፍ አውሮፕላን አለ። ከዚያ ሆቴሉ ቅርብ ነው፤ ጀልባም ወረፋም የለም።

የወደብ ሰው

ልክ ነህ፣ በኡኩንዳ ከሆነ ያስኬዳል። ዲያኒ ከሄደች ግን ዲያኒ ብቻ ትሂድ። ሁለቱን በሁለት ሌሊት ማጣመር ነው የማልደግፈው። ሕዝብ የሚበዛበትን ደግሞ እኔ አልጠላውም። ቤተሰቡ ሁሉ በልብሱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ሲስቅ፣ ሕፃናት በመኪና ከመነዳሪ ሲንሳፈፉ ማየት ለእናት ደስ ይላል። በልብስ መግባት እዚያ የተለመደ ነው፤ እሳቸውም ሳያፍሩ ይገባሉ።

ነጭ ጋውን

ነርስ ነኝ። ሦስት ነገር ብቻ፣ ግን አደራ።

ናይሮቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች የወባ ነገር ይረሳል። ሞምባሳ ወባ አለ። ከመሄዳችሁ ሳምንታት ቀድማችሁ ሐኪም ጠይቁ። መከላከያው ከጉዞ በፊት ይጀመራል፣ አንዳንዱም ሳምንታት ቀድሞ፤ ሁሉም ደግሞ ከተመለሱ በኋላ ይቀጥላል። ከሚወስዱት መድኃኒት ጋር መስማማቱን ማየት ያለበትም ሐኪሙ ነው። አጎበር ያለው ክፍል ያዢ፤ ማታ እጅጌና እግር የሚሸፍን ይልበሱ። ከተመለሱ በኋላ፣ ወራት ቢያልፉም፣ ትኩሳት ከመጣ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትቀመጡ።

ሁለተኛ፣ ከግፊት መድኃኒቶች መካከል ሽንት የሚያበዙ አሉ። በዚያ ሙቀት ሰውነት ቶሎ ይደርቃል፤ ሲነሱ ራስ ያዞራል። ሐኪሙን ይህንንም ጠይቂ። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። ውኃ ባይጠማቸውም በየጊዜው ስጫቸው።

ሦስተኛ፣ ሞምባሳ ከምድር ወገብ 4 ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው። በየካቲት ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ከ4 እስከ 9 ሰዓት ጥላ ውስጥ ይሁኑ። ደመናም ቢሆን ያቃጥላል። ጠይም ነን ብሎ የፀሐይ መከላከያ ቅባት መተው አያዋጣም።

የደጋ ልጅ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዲያኒንም ጀልባውንም ሰርዣለሁ። ሙሉ ጨረቃ የምትውልበትን ቅዳሜ አይቼ ለዓርቡ ግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ ተፈቅዶልኛል። ለሐኪሙም ቀጠሮ ይዣለሁ። የወደብ ሰው፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ጠዋት ውኃው በሚጎድልበት ሰዓት እስከ ኮራሉ ድረስ በእግር የሚሄዱ ሰዎች በቪዲዮ አየሁ። እናቴም አይታ «እዚያስ አንሄድም?» አለች። ለእሷ ይሆናል?

የወደብ ሰው

እስከ ኮራሉ አይሆንም። ድንጋዩ ያዳልጣል። ጉድጓዶቹ ውስጥ ደግሞ ረጃጅም ጥቁር እሾህ ያለው የባሕር እንስሳ ይደበቃል፤ ከተረገጠ እሾሁ ተሰብሮ ሥጋ ውስጥ ይቀራል። ውኃው መመለስ ሲጀምርም መሬቱ ገባ ያለበትን ቀድሞ ስለሚሞላ በኋላችሁ ይዘጋባችኋል።

ከፈለጉ ግን እሑድ ጠዋት ከቁርስ በኋላ፣ ሃለር ፓርክን በአንድ ሰዓት አዘግይታችሁ፣ አሸዋው ሜዳ የሆነበት ድረስ ብቻ ሂዱ። ሶላቸው ወፍራም የሆነ፣ ከኋላ የሚታሰር ጫማ ይልበሱ። ምርኩዝ ካላቸው ይያዙት። እዚያው ቅርብ ኩሬዎች ይቀራሉ፤ ትንንሽ ዓሣዎችና ኮከብ የሚመስሉ የባሕር እንስሳት አሉባቸው። ማየት እንጂ ማንሳት የለም። ልጆች ዛጎል ይዘው ሊሸጡላችሁ ይመጣሉ፤ አትግዙ፣ «ሃፓና፣ አሳንቴ» (አይ፣ አመሰግናለሁ) በያቸውና እለፉ። ዓርብ ማታ ከሚሪቲኒ የሚያመጣችሁን መኪና ሆቴሉ ራሱ እንዲልክ ጠይቂ፤ የሾፌሩን ስልክ ከባቡር ሳትወርጂ ያዢ።